ሜትር ውስጥ የገባችው ዶላር የት ትሄዳለች?

ቅዳሜ ቀን ነው። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና፣ «ትንሿ ኢትዮጵያ» በምትባለው ሰፈር የምሳ ቀጠሮ አለኝ። ከኦሎምፒክ ጎዳና ጀምሬ እስከ ፒኮ ወረድኩ፤ ክፍት ቦታ የለም። ዞርኩ። አሁንም የለም። በሦስተኛው ዙር አንዲት እናት እንጀራ በፌስታል ይዘው ከሱቅ ሲወጡ አየሁና መኪናዬን ቀስ አድርጌ እንደ ጥላ ተከተልኳቸው። እሳቸው መንገዱን ተሻግረው አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ቁጭ አሉ።

ጓደኛዬ «ጥብሱ በረደ» ብሎ ቴክስት አደረገልኝ። በስንት መከራ አንድ ቦታ አገኘሁ፤ ለሜትሩ፣ መንገድ ዳር ለተተከለው የማቆሚያ ክፍያ መቀበያ ማሽን፣ ከፍዬ ገባሁ። የዙረቴን ታሪክ ሳወራ የምግብ ቤቱ ባለቤት ሰሙኝ። ወደ ጠረጴዛችን ጠጋ አሉና «አንተ ልጅ፣ ትጽፋለህ ሲሉ ሰምቻለሁ። እስቲ ንገረኝ፤ ይሄ ሁሉ ሰው ደጄ ላይ ሜትር ውስጥ የሚጨምረው ብር የት ነው የሚሄደው?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ከከተማ ከተማ ይለያያል። አንዱ ጋ ብሩ የእግረኛ መንገድና መብራት ሆኖ እዚያው ይመለሳል። ሌላው ጋ ትልቅ ካዝና ውስጥ ገብቶ ይቀላቀላል። አንዱ ጋ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ባለሀብት ኪስ ይገባል። ዶላሯን ይዘን እንከተላት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያስ ሜትር ለምን ተተከለ?

ብዙ ሰው ሜትር የመጣው መንግሥት ብር ለመልቀም ፈልጎ ይመስለዋል። ነገሩን የጀመረው ግን የነጋዴ እሮሮ ነው።

በ1930ዎቹ ኦክላሆማ ሲቲ መሀል ከተማ የሚሠሩ ሰዎች ጠዋት መኪናቸውን ከሱቅ ፊት ለፊት አቁመው ማታ ነበር የሚያነሱት። ገበያተኛ ሲመጣ ማቆሚያ የለም። ዞሮ ዞሮ ሲሰለቸው ይሄዳል። ነጋዴው ጮኸ። ካርል ማጊ የሚባል የጋዜጣ ሰው ታዲያ ሳንቲም ሲበላ የሚቆጥር ሰዓት አሰበ። የመጀመሪያው ሜትር ጁላይ 16 ቀን 1935 እዚያው ኦክላሆማ ሲቲ ተተከለ። ዋጋው በሰዓት 5 ሳንቲም ነበር።

ካፌ ያለው ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። አንዱ መጥቶ አንድ ማኪያቶ ያዛል። ላፕቶፑን ይከፍታል። እስከ ማታ አይነሳም። ወንበሩ አልተሰበረም፣ ሰውዬውም ጨዋ ነው፤ ግን ያ ጠረጴዛ በዚያ ቀን ሌላ ሰው አላስተናገደም። ከሱቅ ፊት ለፊት ያለ ማቆሚያም እንደዚያው ነው። ቀኑን ሙሉ አንድ መኪና ከያዘው አንድ ሰው ተጠቀመ። በየሰዓቱ ከተለቀቀ ግን ስምንትና ዘጠኝ ገበያተኛ ይስተናገድበታል። ለሱቁ ትርፍ የሚያመጣው የመኪኖቹ መፈራረቅ ነው።

ሜትሩ የተተከለው ለዚህ ነው። ብሩ እየቆየ የመጣ ነገር ነው። ብሩ ሲመጣ ደግሞ «ለማን?» የሚል ጥያቄ ይዞ መጣ።

«ግብር እንከፍል የለ? በዚያ አይሠራም?»

ይሠራል፤ ግን ተራ መጠበቅ አለ። የንግድ ጎዳና ማሻሻል ሲባል ቀለም መቀባት ብቻ አይደለም። የተሰነጣጠቀ የእግረኛ መንገድ መቀየር አለ። መብራት መትከል፣ ዛፍ መትከል፣ ጠርዙን ማስተካከል፣ ለአካል ጉዳተኞች መውጫ መውረጃ ማበጀት አለ። አንዳንዴም ባለ ፎቅ መኪና ማቆሚያ መገንባት ይመጣል። እሱ ዋናው የብር ማቃጠያ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ እዚያ ፎቅ ላይ አንዲት መኪና የምትቆምበት ቦታ ብቻዋን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ትፈጃለች።

ከተማ ለዚህ ሁሉ የሚከፍልባቸው ኪሶች ብዙ አይደሉም።

አንደኛው አጠቃላይ ካዝናው ነው። የንብረት ግብሩም፣ የሽያጭ ታክሱም፣ ቅጣቱም የሚገባበት ትልቁ ድስት ማለት ነው። ከዚያ ድስት ፖሊስም ይበላል፣ እሳት አደጋም ይበላል፣ ቤተ መጻሕፍትም ይበላል። የአንድ ጎዳና ነጋዴዎች «መብራት ይተከልልን» ሲሉ ከእነዚህ ሁሉ ጋር ይሰለፋሉ። ብዙ ጊዜ ተራው አይደርሳቸውም።

ሁለተኛው ልዩ መዋጮ ነው። የጎዳናው ባለንብረቶች ራሳቸው ይከፍላሉ፤ ሥራው የሚጠቅመው እነሱን ነውና። አዲስ አበባ ውስጥ የሰፈሩ ሰው ብር አዋጥቶ፣ ከተማው ጨምሮበት፣ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ያየ ሰው ይሄን ለመረዳት አይቸገርም። አሜሪካ ውስጥ ልዩነቱ መዋጮው ሕግ ይሆናል። አንዴ በድምፅ ከጸደቀ «እኔ የለሁበትም» ማለት አይቻልም፤ ከንብረት ግብር ጋር ተደምሮ ይመጣል። አንዳንድ ሰፈር ይሄንኑ በየዓመቱ ያደርገዋል። ጥበቃ፣ ጽዳት፣ የበዓል መብራት በዚያ ይሸፈናል። እንደ እድር ነው፤ የሚወጡበት በር ብቻ የለውም።

ሦስተኛው ከግንባታ የሚመጣ ነው። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ሕግ «ምግብ ቤት ስትከፍት ይሄን ያህል መኪና ማቆሚያ አብረህ ሥራ» ይላል። መቶ ዓመት የሞላው ሕንፃ ውስጥ ለሚከፍት ሰው ይሄ የማይሆን ነገር ነው፤ ከጓሮው አጥር በቀር መሬት የለውም። ስለዚህ አንዳንድ ከተሞች «ቦታውን መሥራት ካልቻልክ በምትኩ ክፈለን፣ እኛ በጋራ እንሠራለን» ይላሉ።

አራተኛው ራሱ ሜትሩ ነው።

ፓሳዴና ምን አደረገች?

የሜትር ነገር ሲነሳ ስሟ የሚጠራ ከተማ አለች። ከሎስ አንጀለስ መሀል ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ ወደ 16 ኪሎ ሜትር ብትነዱ ትደርሱባታላችሁ። ለፈረንጆች አዲስ ዓመት በአበባ የተሸፈኑ ተሽከርካሪዎች ሲያልፉ በቴሌቪዥን የምናየው እዚያ ነው፤ ኮሎራዶ ጎዳና።

የዚያ ጎዳና አሮጌው ክፍል «ኦልድ ፓሳዴና» ይባላል። ጥንት የከተማዋ ዋና ገበያ ነበር። በ1929 መንገዱ ሲሰፋ የሕንፃዎቹ ፊት 14 ጫማ፣ አራት ሜትር ግድም፣ ወደ ኋላ ተቆረጠ። ከዚያ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ፤ ገበያው ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። ኦልድ ፓሳዴና ሰካራም የሚተኛበት፣ መስኮቱ በጣውላ የታሸገ ሰፈር ሆነ። በ1980ዎቹ ሕንፃዎቹን ከመፍረስ ለማዳን ንቅናቄ ተጀምሮ ጥቂት ሱቅና ምግብ ቤት ተመለሰ። የእግረኛ መንገዱ ግን እንደተሰባበረ ነው። ከሕንፃዎቹ ጀርባ ያሉት ቀጫጭን መንገዶችም በቆሻሻ የተሞሉ ነበሩ።

መኪና ማቆምስ? በነፃ ነው፤ ግን ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ። ማን ያቆማል? እዚያው የሚሠራው ሰው። የሱቁ ሠራተኛና ባለቤቱ ራሱ ጠዋት ከበሩ ፊት ለፊት ያቆማሉ። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ወጥተው ትንሽ ፈቀቅ ያደርጉና ይመለሳሉ። ከዚያ «ደንበኛችን ማቆሚያ አጣ» ብለው ያማርራሉ። ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ እኔም ተቀጥሬ ስሠራ እንዲሁ አድርጌያለሁና።

ከተማዋ «ሜትር ልትከል» አለች። ነጋዴው ተነሳ። «ያለችውንም ጥቂት ደንበኛ ልታባርሩብን ነው!» ክርክሩ ሁለት ዓመት ፈጀ። መጨረሻ ላይ ከተማዋ አንድ ነገር አቀረበች፤ ከሜትሩ የሚገኘው ገንዘብ አንድም ሳንቲም ከሰፈሩ አይወጣም። እዚሁ ተሰብስቦ ለዚሁ ይውላል። በምን ላይ ቢውል እንደሚሻል ሐሳብ የሚሰጥ ቦርድም የነጋዴዎችና የባለንብረቶች ተወካዮች ይገቡበታል።

የክርክሩ መልክ በአንዴ ተገለበጠ። ትናንት «ሜትር አይተከልም» ያለው ነጋዴ «በሰዓት 1 ዶላር ይሁን» አለ። «ማታም ይሥራ፣ እሁድም ይሥራ» አለ። በ1993 ወደ 690 የሚጠጉ ሜትሮች ተተከሉ። ሜትሮቹ ላይ ገንዘቡ ለዚሁ ሰፈር መብራት፣ አግዳሚና ንጣፍ እንደሚውል የሚናገር ጽሑፍ ተለጠፈ። ሳንቲም የሚጨምር ሰው ቀና ሲል አዲሱን መብራት ያየዋል።

በ2001 የበጀት ዓመት ከወጪ ቀሪ ገቢው 1.2 ሚሊዮን ዶላር ግድም ነበር። ለእያንዳንዱ ሜትር ስታካፍሉት በዓመት ወደ 1,700 ዶላር ይመጣል። ከዚያ ላይ ዕዳ ይከፈላል። የቀረው ለተጨማሪ ጥበቃ፣ ለመብራት፣ ለቆሻሻ ማንሳትና ለእግረኛ መንገድ እጥበት ይሄዳል።

ዕዳ? የምን ዕዳ?

ዋናው ብልሃት ያለው እዚህ ጋ ነው።

ከተማዋ ሜትሩ ሳንቲም በሳንቲም እስኪሞላ ብትጠብቅ ኖሮ የእግረኛ መንገዱ ለመሠራት ብዙ ዓመት ይወስድ ነበር። በዚያ ጊዜ ነጋዴው «ይኸው ከፈልን፣ ምን አየን?» ይላል። ስለዚህ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች። ብድሩን የሚከፍለው ወደፊት ከሜትሩ የሚመጣው ገቢ ነው። በዓመት ወደ 450 ሺህ ዶላር ለዕዳው ይሄዳል።

እንዲህ ያለው ብድር ቦንድ ይባላል። ከተማዋ ወረቀት ትሸጣለች፤ ገዢው ዛሬ ብሩን ይሰጣል፣ እሷ በየዓመቱ ከወለድ ጋር ትመልሳለች። ዕቁብ የገባ ሰው ሐሳቡን ያውቀዋል። የመጀመሪያው ዕጣ ሲወጣልህ ብሩን በሙሉ ዛሬ ትወስዳለህ፣ ሱቅህን ታድሳለህ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ትጥላለህ። ዕቁብ ወለድ የለውም፤ ቦንድ ግን አለው። ዕቁብም ቢሆን ብሩን ቀድሞ የሚወስድ ሰው ዋስ ይጠየቃል። የፓሳዴና ዋስ የሜትሮቹ ገቢ ነበር።

አደጋም አለው። ገበያው ቢቀዘቅዝና ሰው መምጣት ቢያቆም ሜትሩ ባዶ ይሆናል፤ ዕዳው ግን አይቀርም። ኮቪድ መጥቶ ጎዳናው ሁሉ ጭር ሲል ከተሞች ይሄን በደንብ አይተውታል።

ዋጋውን ማን፣ በምን ይወስናል?

እዚህ ላይ አንድ ሰው መጥራት ግድ ነው። ዶናልድ ሹፕ ሎስ አንጀለስ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲኤልኤ) የከተማ ፕላን መምህር ነበሩ። በ2025 በ86 ዓመታቸው አርፈዋል። ዕድሜያቸውን የፈጁት ሌላው ምሁር ዞር ብሎ ባላየው ጉዳይ ላይ ነው፤ መኪና ማቆሚያ። በ2005 ስለ ነፃ ማቆሚያ ድብቅ ዋጋ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አሳትመዋል። የፓሳዴናን ታሪክ ዓለም እንዲያውቀው ካደረጉት አንዱ እሳቸው ናቸው።

የሳቸው መለኪያ ቀላል ናት። በአንድ ጎዳና ላይ ካሉት ማቆሚያዎች 85 በመቶው ግድም ተይዞ ቀሪው ክፍት መሆን አለበት። ሰባት መኪና የሚያቆም ብሎክ (በሁለት መስቀለኛ መንገዶች መካከል ያለ የጎዳና ክፍል) ካለ ስድስቱ ተይዘው አንዱ ክፍት ይሁን እንደማለት ነው። ሁሉም ከተያዘ ዋጋው ረክሷል ማለት ነው፤ ጨምር። ግማሹ ባዶ ከሆነ ተወዷል፤ ቀንስ። «ስንት ብር እናግኝ?» ብሎ መጀመር የለም። በ2001 ኦልድ ፓሳዴና ውስጥ ሲቆጠር በአማካይ 83 በመቶው ተይዞ ተገኘ። ማለፊያ ነው።

ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ በ2011 ነገሩን በማሽን አደረገችው። ከፌዴራል መንግሥት በተገኘ ድጋፍ አስፋልቱ ላይ መኪና መኖር አለመኖሩን የሚያውቅ መሣሪያ ተከለች። በየጥቂት ሳምንቱ የእያንዳንዱን ብሎክ ዋጋ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ ታደርግ ጀመር። ሰው ሁሉ ዋጋ ይሰቀላል ብሎ ፈርቶ ነበር። በሙከራው ጊዜ ግን የሜትሮቹ አማካይ ዋጋ በ4 በመቶ ቀነሰ። ባዶ የሚውሉት ብሎኮች ካሰቡት በላይ ብዙ ነበሩ። ሰው ሁለት ብሎክ በእግሩ ከሄደ ርካሽ ያገኛል።

ነፃ ቢሆን አይሻልም ነበር?

ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የፕሮፌሰር ሹፕ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ ዌስትዉድ ቪሌጅ የሚባል የንግድ ሰፈር አለ። አንድ ጊዜ ሰው ከፓሳዴና ሳይቀር ለመዝናናት ወደዚያ ይነዳ ነበር። በ1994 ገበያው መቀዛቀዝ ሲጀምር ነጋዴዎቹ ጥፋቱን ሜትሩ ላይ ጣሉት። ከተማው ሰማቸውና የሰዓቱ ዋጋ ከ1 ዶላር ወደ 50 ሳንቲም ወረደ።

ገበያው አልተመለሰም። ርካሽ የሆነው ማቆሚያ ከጠዋት እስከ ማታ ጢም ብሎ ይውል ጀመር። ለእግረኛ መንገድ የሚሆን ብር ግን የለም፤ ንጣፉ ተሰባበረ። ሹፕና ተማሪዎቻቸው ማቆሚያ የሚፈልጉትን መኪኖች ተከትለው ለኩ። አንድ ሹፌር በአማካይ ከሦስት ደቂቃ በላይ ይዞራል፤ ግማሽ ማይል ያህል። ትንሽ ይመስላል። ግን በሰፈሩ አሥራ አምስት ብሎኮች ላይ የሚዞረውን ሁሉ የዓመቱን ደምሩት፤ 950 ሺህ ማይል ወይም አንድ ሚሊዮን ተኩል ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ምድርን 38 ጊዜ መዞር ማለት ነው፤ ያውም ሳይደረስ። የኔዋ የፌርፋክስ ሦስት ዙር ከዚህ አንጻር ምንም አይደለችም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኦልድ ፓሳዴና የተነሳው በሜትር ብቻ አይደለም። ያማሩ አሮጌ ሕንፃዎች ነበሩት። የሚከራከሩለት ሰዎች ነበሩት። ባለሱቁ በዓመት አነስተኛ ክፍያ እየከፈለ የከተማውን ባለ ፎቅ ማቆሚያ የሚጋራበት ደንብም ከሜትሩ በፊት ወጥቶ ነበር። ዌስትዉድም ሌላ ሌላ ችግር ነበረበት። ቢሆንም «ሜትር ደንበኛ ያባርራል» የሚለው ወሬ ብቻውን እንደማይቆም ሁለቱ ሰፈሮች ያሳያሉ። ኦልድ ፓሳዴና አጠገብ ነፃ ማቆሚያ ያለው ትልቅ የገበያ ማዕከል ነበር፤ ፕላዛ ፓሳዴና። ሜትር የተተከለበት ጎዳና በሽያጭ ታክስ በለጠው። ማዕከሉ ፈርሶ በ2001 በሌላ ተተካ።

ከተማዋስ ምን ተረፋት?

የሜትሩን ገቢ ለሰፈሩ ከለቀቀች ከተማዋ ባዶ እጇን አልቀረችም? አልቀረችም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰው ዕቃ ሲገዛ ከሚከፍለው የሽያጭ ታክስ የተወሰነው ለከተማው ይደርሳል። ጎዳናው ሲያምር ሰው ይመጣል። ሰው ሲመጣ ይገዛል። ሲገዛ ታክሱ ትልቁ ድስት ውስጥ ይገባል። የንብረት ዋጋም ይጨምራል፤ ግብሩም አብሮ። ከተማዋ ሳንቲሙን ለቀቀች፣ ታክሱን አገኘች።

ሁሉም ከተማ ይሄን ሁሉ አይለቅም። ሳንዲያጎ ከ1990ዎቹ ማለቂያ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ከሜትር ገቢ 45 በመቶውን ለየሰፈሩ የመኪና ማቆሚያ ዲስትሪክት ስትሰጥ ነበር። እንዲህ ያለው አካፍሎ የመውሰድ መንገድ በጀት በጠበበ ቁጥር ክርክር ያስነሳል። ካዝናው ሲራቆት መጀመሪያ የሚታየው የሰፈሩ ድርሻ ነውና።

ሜትሩን ጠቅልሎ መሸጥስ?

ቺካጎ ሞክራዋለች።

በ2008 መጨረሻ የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ የቺካጎ ካዝናም ተራቁቶ ነበር። ከንቲባ ሪቻርድ ዴሊ ወደ 36 ሺህ የሚጠጉ ሜትሮችን ለ75 ዓመት ለአንድ የባለሀብቶች ስብስብ ለማከራየት ተስማሙ። ምክር ቤቱ ነገሩን በሰማ በቀናት ውስጥ 40 ለ5 አጸደቀው። ከተማው 1.15 ቢሊዮን ዶላር ግድም ተቀበለ። ስብስቡን የመራው ሞርጋን ስታንሊ የሚባለው የአሜሪካ ባንክ ነው። ከባለድርሻዎቹ አንዱ የአቡ ዳቢ መንግሥት የኢንቨስትመንት ተቋም ነበር። ቺካጎ ታክሲ የሚነዳው ወንድማችን ለሜትር የሚከፍላት ዶላር ፍርፋሪዋ ባሕረ ሰላጤው ድረስ ይደርስ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ዋጋው ተሰቀለ። መሀል ከተማ በሰዓት 3 ዶላር የነበረው በ2013 6 ዶላር ከ50 ደረሰ። የከተማው የራሱ ዋና ኢንስፔክተር በ2009 ሒሳቡን መርምሮ፣ ሜትሮቹ ሊያወጡት ከሚችለው ቢያንስ 974 ሚሊዮን ዶላር ባነሰ ዋጋ ሄደዋል አለ። የተቀበሉት ብር አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ የበጀት ቀዳዳ ሲደፈንበት አለቀ። ውሉ ግን ገና ብዙ አሥር ዓመታት ይቀረዋል።

የሚገርመኝ ሌላው አንቀጽ ነው። ከተማው ለበዓል ወይም ለመንገድ ሥራ ጎዳና ቢዘጋ፣ ለብስክሌት መስመር ብሎ ሜትር ቢያነሳ፣ ለባለሀብቶቹ ካሣ ይከፍላል። በገዛ ጎዳናው! ፓሳዴናም ቺካጎም የነገውን ገቢ ዛሬ ወስደዋል። አንዷ በላሟ ወተት ብድር ከፈለች፤ ሌላዋ ላሟን ራሷን ለ75 ዓመት አስረከበች። ፓሳዴና የወሰደችው 5 ሚሊዮን ንጣፍና መብራት ሆኖ ሰው ይረግጠዋል፣ ይበራበታል።

አቅም የሌለውስ ሰው?

ይሄ ተገቢ ጥያቄ ነው። በሰዓት ሁለትና ሦስት ዶላር ለአንዱ ምንም አይደለም፣ ለሌላው የምሳ ብር ነው። በተለይ እዚያው ሰፈር በዝቅተኛ ደመወዝ የሚሠራ ሰው ይጎዳል፤ በነፃ ያቆምበት የነበረውን ቦታ ነው ያጣው። ስለዚህ አንዳንድ ከተሞች ለሠራተኛ ራቅ ያለ ርካሽ ማቆሚያ ያዘጋጃሉ።

በሌላ በኩል ነፃ የሚባለውም ነፃ አይደለም። እኒያ እንጀራ በፌስታል ይዘው አውቶቡስ ሲጠብቁ የነበሩት እናት መኪና ይዘው አልመጡም። ግን ምግብ ቤቱ ወይም ሱቁ ማቆሚያ ለመሥራት ያወጣው ወጪ የዕቃው ዋጋ ላይ ተጨምሮ እሳቸውም ይከፍሉታል። ማቆሚያው በሜትር ሲሆን የሚከፍለው ያቆመው ሰው ነው። ብሩ የእግረኛ መንገድና የአውቶቡስ መጠለያ ላይ ከዋለ ደግሞ ትንሽ ለሳቸውም ይተርፋል። በትልቁ ድስት ውስጥ ከጠፋ ግን እንዲህ ብሎ መከራከር ያስቸግራል።

አዲስ አበባስ?

አዲስ አበባ ላይ መኪና ያቆመ ሁሉ ያውቀዋል። ገና ሞተር ሳታጠፋ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ ልጅ ከየት መጣ ሳይባል ይደርሳል። «ና፣ ና፣ ና... በቃ!» ሰዓቱን ወረቀት ላይ ይጽፍና መጥረጊያው ሥር ይሰካታል። ስትመለስ «ሰላም ነው አለቃ፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗል» ይልሃል። መኪናህን ጠብቆልሃል፣ አንዳንዴም አጥቦልሃል።

ይሄ አሠራር ሲጀመር ዓላማው የሥራ ዕድል ነው። ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው የመንገዱን ዳር ይይዛሉ፤ ክፍያው እንጀራቸው ነው። የፓሳዴናው ሜትር የጎዳናው ገንዘብ ምንጭ እንዲሆን ታስቦ ተተከለ፤ የአዲስ አበባው ወረቀት ለወጣቱ ገቢ እንዲሆን ታስቦ ተጻፈ። ስለዚህ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «የኛ ለምን የእግረኛ መንገድ አልሠራም?» ማለት አይሆንም። ትልልቁ ማቆሚያ በሌላ መንገድ ነው የመጣው። በ2021 የተመረቀው፣ መስቀል አደባባይ ሥር ያለውና ወደ 1,400 መኪና የሚይዘው ማቆሚያ ከከተማ አስተዳደሩ በጀት የተሠራ ነው። ትልቁ ድስት የምንለው ማለት ነው።

ወረቀቷ ግን ሜትር የማይሠራውን ትሠራለች። ልጁ ያውቅሃል። «ዛሬ ቶሎ ወጣህ» ይልሃል። ማሽን ይሄን አይልም።

ወደ ምግብ ቤቱ ባለቤት ጥያቄ

ለምግብ ቤቱ ባለቤት ይሄን ሁሉ አልነገርኳቸውም፤ ጥብሱም በርዷል። አጭሩን ነው የነገርኳቸው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሜትር ገቢ የሚገባው ለመኪና ማቆሚያ ጉዳይ በተቋቋመ የከተማው ልዩ ፈንድ ውስጥ ነው። ሜትሩን መጠገን፣ የከተማውን ማቆሚያዎች ማስተዳደር፣ ዕዳ መክፈል ከዚያ ይወጣል። ትርፍ ሲኖር ደግሞ ወደ አጠቃላዩ ካዝና ይዛወራል። ፌርፋክስ ላይ የገባች ዶላር ፌርፋክስ ላይ ትቀራለች የሚል ደንብ የለም። ሰፈሩ በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም ከከተማው ሲያገኝ ያገኘው ስሙን ነው፤ ሜትሩን አይደለም።

«ፓሳዴናዎቹስ እንዴት አገኙት?» አሉኝ።

«ጮኸው፣ ሁለት ዓመት ተከራክረው፣ ከዚያ ተስማምተው።»

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞረው «ቡናውን አፍሉት!» አሉ። እኔ ስልኬን አየሁ። ሜትሬ ላይ ስድስት ደቂቃ ቀርቶኛል። ጀበናው ገና አልተጣደም።